ግዛው አየር ላይ ነው

ኡስተር፣ ኅዳር፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ

ለሔቨን እናት፤

እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ? ያ የሰፈርሽ የቶኔ ብርድ ከፈረንሳይ በኩል ፓስፖርት ሳይጠየቅ ሾልኮ እየገባ ያሳምምሽ ነበር፤ ዘንድሮስ ማረሽ? እመቤትሽስ ደህና ናቸው? አሁንም ጨው በዛ፣ ጨው አነሰ እያሉ ነው ወይስ ምላሳቸው ለመደ? እኔ አምላክ ይመስገን አለሁ። ወገቤ ብቻ አልፎ አልፎ ያጉረመርማል። ክሎተን አውሮፕላን ማረፊያ የዓለሙን ሻንጣ ስጭንና ሳወርድ ስለምውል እሱም የሚለው አያጣም።

ይህን ደብዳቤ ማን ጻፈለት ብለሽ ምርመራ እንዳትጀምሪ። አውቅሻለሁ፣ አሁን ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠግተሽ የማን እጅ እንደሆነ እያጣራሽ ነው። የእኔ እጅ ነው። እዚህ አጠገባችን፣ ዙሪክ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ አቶ ኅሩይ የሚባሉ ጡረተኛ ማታ ማታ ያስተምሩናል፤ ማክሰኞ የአማርኛ ፊደል፣ ሐሙስ ጀርመንኛ። ከአዲስ አበባ ከወጡ ብዙ ዘመናቸው ነው፣ ኮታቸው ግን እስካሁን የፒያሳ ኮት ነው። መጀመሪያ ቀን «አንተ ሰውዬ፣ ፊደል ሳትቆጥር እዚህ ድረስ በምን መጣህ?» ቢሉኝ «በአፌ» አልኳቸው። አሁን ከክፍሉ አንደኛ ነኝ። ክፍሉ ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ ማወቅ አያስፈልግሽም።

አንድ ነገር ብቻ አልዋጥ ብሎኛል። ሀ ለምን ሦስት ሆነ? ሀ፣ ሐ፣ ኀ። ድምፃቸው አንድ፣ መልካቸው ለየቅል። «አቶ ኅሩይ፣ ከሦስቱ አንዱ ሰላይ ነው» ብላቸው መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸውን እስኪጠርጉ ሳቁ። እኔ የምሬን ነበር።

ወደ ነገሬ ልግባ። ማንበብ ከቻልኩ ወዲህ ያለማንም እርዳታ አንብቤ የጨረስኩት የመጀመሪያ ደብዳቤ ከየት እንደመጣ ታውቂያለሽ? ከልጆች ጉዳይ ቢሮ። እንዲህ ይላል፤ ልጅቷ አባቷ ዘንድ ስትሄድ ያረጀ የጀግና ካርቱን ስታይ እንደምትውል ጄኔቭ ላይ ተናግራለች፣ ካርቱኑም ጥሩ አይደለም ብላለች። ስለዚህ አንዲት ሴትዮ ኡስተር ድረስ መጥታ የእኔንና የሔቨንን አንድ ቅዳሜ ታያለች። ከዚያ በኋላ ሔቨን ወደ እኔ መምጣቷን ትቀጥል ወይስ ትተው የሚለው ይወሰናል። ደጋግሜ አነበብኩት። ንባቤ ተሳስቶ ቢሆን ብዬ ተመኘሁ፤ አቶ ኅሩይ ግን በደንብ አስተምረውኛል። አለማወቅ የናፈቀኝ ያን ቀን ነው።

እንግዲህ መጠርጠር ጀመርኩ። «መቼ አቁመህ ታውቃለህ?» እንደምትዪ ይሰማኛል።

እኔ ተጠራጣሪ ሆኜ አልተወለድኩም። አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ቢሆንም መጻፍ ከቻልኩ አይቀር ልጻፈው። በዚያ በቆርቆሮ ቪዲዮ ቤት የውጭ ፊልም በአማርኛ የሚተረጉም ከእኔ የሚበልጥ ሰው በአዲስ አበባ አልነበረም። እንግሊዝኛ አለማወቄም አላሰናከለኝም። ድምፁን እዘጋና ማይኩን ይዤ፣ ፊታቸውን እያየሁ የሚሉትን እልላቸዋለሁ። ከእነሱ ንግግር የእኔ ይበልጥ ነበር፤ ሰው ይመስክር። ምስጢሩን የምታውቂው በሩ ላይ ቲኬት የምትቆርጪው አንቺ ብቻ ነበርሽ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስሽ ነሽ፤ ካሴቱ ደህና መሆኑን ጠዋት ጠዋት ከነድምፁ የምትሞክሪውም አንቺ ነሽ። ያ ባለ መዳብ ክንፉ የካርቱን ጀግና በእንግሊዝኛ ስሙ ማን እንደሆነ ታውቂ ነበር። እኔ ግዛው አልኩት፤ አንቺም በሰሌዳው ላይ በጠመኔ «ዛሬ ግዛው» ብለሽ ጻፍሽ። ያ ባርኔጣውን ግንባሩ ላይ ደፍቶ፣ ከረጢት ተሸክሞ በየመንገዱ ጥግ ጥግ የሚሄደውን ጠቆር ያለ ሰውዬ ደግሞ አጎቱ ሙላቱ አደረግኩት፤ ከወፍጮ ቤት ለሰፈሩ ዱቄት ይዞ የሚመጣ። ሰው እንዴት ይወደው ነበር! ብቅ ሲል «አጎቴ መጣ» እያሉ ያፏጩለታል።

ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ሁለት ሰዎች እየመጡ የኋላ ወንበር ላይ መቀመጥ ጀመሩ። ሰው ሁሉ ሲስቅ አይስቁም። ግዛው ከተማዋን ከጉልበተኛው ሲያስለቅቅ አዳራሹ በጭብጨባ ይናወጣል፤ እነሱ ፊልሙን ትተው እኔን ያያሉ። አንድ ቀን «ጉልበተኛ የምትለው ማንን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «ይኼን ባለ ቀንዱን» አልኳቸው። አላመኑኝም። ብዙም ሳይቆይ ቪዲዮ ቤቱ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ሰው በተሰበሰበበት ዓይኔ የሚስቀውን ትቶ የማይስቀውን ይፈልጋል። አንቺ ቀድመሽ ከእመቤትሽ ጋር ጄኔቭ ስትገቢ፣ እኔም በመከራ ስከተልሽ፣ ያ ዓይን አብሮኝ መጣ። ስልክሽ በጮኸ ቁጥር «ማነው?» የሚለውም እሱ ነበር። ምን እንዳመጣ፣ ይኼን ወረቀት ከኡስተር ጄኔቭ በፖስታ መላኬ ይናገራል።

አሁን ሔቨን ምን እንዳለችኝ ልንገርሽ። የቢሮው ደብዳቤ ከመድረሱ በፊት በነበረው ቅዳሜ፣ እንደ ልማዱ ጓደኛሽ ትርፍነሽ፣ እህቷን ልትጠይቅ ወደ ዙሪክ ስትመጣ፣ በባቡር ይዛት መጣችልኝ። እኔም እንደ ልማዴ የግዛውን ሲዲ አወጣሁ። ከእኛ ሰፈር ብሮኪ ነው የገዛሁት፤ ሰው የሰለቸውን ዕቃ ከሚሸጡበት። ሔቨን አራት ዓመት ሳይሞላት ጀምሮ በየመምጣቷ እናየዋለን፤ ድምፁን እዘጋለሁ፣ እተርካለሁ፣ እሷ ትስቃለች። ያን ቀን ደግሞ ትንሽ ጉራ ጨመርኩበት። «ከእንግዲህ ድምፁንም ከፍተን ነው የምናየው፤ አባትሽ ጀርመንኛ ጨርሷል» አልኳት። ልጅቷ ፊቷ ተለዋወጠ።

«ባቢ፣ ይኼ ካርቱን አሁን አይታይም» አለችኝ። «ሴ ፓ ቢየን። ጥሩ አይደለም።»

ለምን ብላት ጫማዋን እያየች፣ ሴቷ ማማ ላይ ቁጭ ብላ ከመጮህ በቀር ሥራ የላትም አለች፤ መጥፎዎቹ ሁሉ አስቀያሚ ናቸው አለች፤ ደግሞ አሮጌ ነው አለች። ከዚያ ስልኳን ይዛ ጥግ ገባች፤ እስከ ባቡሯ ሰዓት አልሳቀችም።

የአሥር ዓመት ልጅ እንዲህ አትናገርም። ቃሉ የራሷ አይደለም፣ አንድ ሰው አፏ ውስጥ አስገብቶታል። ማን? መጀመሪያ የጠረጠርኩት በእምነትን ነው። ያ የጄኔቭ ትራም ነጂ፣ ሔቨንን በመኪናው ባቡር ጣቢያ የሚያደርሳት፣ በበጋ ስካርፍ የሚያደርግ። በበጋ አንገቱን የሚሸፍን ሰው የሚሸፍነው ነገር አለው። ቀጥሎ መምህሯን። ቀጥሎ ትርፍነሽን፤ «እኔ ምን ቤት ነኝ፣ ልጅ ማድረስ እንጂ ነገር ማድረስ አላውቅም» አለችኝ፣ ሳልጠይቃት። ሳይጠየቅ የሚክድ ሰው አንቺም አትወጂም። በመጨረሻ ማንን እንደጠረጠርኩ አልጽፈውም። ወረቀቱን የያዘችው ታውቃለች። ልጄን ቀስ አድርገሽ ከእጄ ልታወጫት ነው ብዬ ሦስት ሳምንት ሻንጣ የወረወርኩት እንደ ጠላት ነው። አለቃዬ «ምን በድለውህ ነው?» እስኪለኝ።

ነገሩን ለአቶ ኅሩይ አጫወትኳቸው። አላዘኑልኝም። «ያረጀ ካርቱን ማየት ያደረ ወጥ ማሞቅ ነው፣ ልጅቷ ልክ ናት» አሉ። «ያደረ ወጥ እንደሚጣፍጥ ያልነገርዎት ሰው ማነው?» አልኳቸው። ተከራከርን። የአሁኑ ካርቱን፣ አልኳቸው፣ ሰው ትንፋሹን ሳይመልስ ከተማ ይፈርሳል፤ ብልጭ ድርግም ነው፣ መናገሪያ ቦታ የለውም። የድሮው ግን አፉ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። ግዛው ሲበር ያው ደመና፣ ያው ድንጋይ ተመላልሶ ያልፋል። ሠሪዎቹ ሰንፈው ይሁን ገንዘብ አጥሯቸው፣ ለእኔ ሰፊ ሜዳ ትተውልኛል።

አቶ ኅሩይ ቾካቸውን አስቀመጡና «ለመሆኑ ድምፁን ሰምተኸው ታውቃለህ?» አሉኝ።

አላውቅም አልኳቸው።

«እንግዲያ ያየኸው ግማሹን ነው። በግማሽ አትከራከረኝ።»

ተናድጄ ደብተሬን ሰብስቤ ወጣሁ።

ያቺ ቅዳሜ ደረሰች። ሴትዮዋ ፍራው ኤግሊ ትባላለች። ቤቴን ሦስት ጊዜ ጠርጌ ነበር የጠበቅኳት። በር ላይ ጫማዋን አወለቀች፤ ካልሲዋ ላይ የድመት ስዕል አለ። የቢሮ ሰው የድመት ካልሲ ሲያደርግ ምን ፈልጎ ነው? ሔቨን ከትርፍነሽ ጋር ደርሳ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ትርፍነሽን ሴትዮዋ በትሕትና ወደ እህቷ ሸኘቻት። ለእኔ በጀርመንኛ፣ ለሔቨን በፈረንሳይኛ ትናገራለች። ያን ካርቱን ልይ አለችኝ።

ከፈትኩ። ድምፁን ዘጋሁ። ትረካዬን ጀመርኩ፤ ምን ልበልሽ፣ በቆርቆሮው ቤት እንኳ እንዲያ ተርኬ አላውቅም። ቀና ብዬ ሳይ ግን ፍራው ኤግሊ ፊልሙን ትታ እኔን ነው የምታየው። አልሳቀችም። የኋላ ወንበር ትዝ አለኝ። ከዚያ «ልጅ ሆኜ ይኼን ካርቱን አይቼዋለሁ፣ እባክህ ድምፁን ክፈተው» አለች። ሔቨን «ኖ» አለች፤ ቀስ ብላ፣ ለራሷ እንደምታወራ። እምቢ እንዳልል የቢሮ ሰው ናት፤ ጀርመንኛ አልሰማም እንዳልል አንደኛ የወጣሁ ሰው ነኝ። ከፈትኩት።

ያኔ አጎቱ ሙላቱ ከረጢቱን ተሸክሞ በመንገዱ ጥግ ብቅ አለ።

አንቺ ጀርመንኛ ባታውቂም ምን እንዳሉት ታውቂያለሽ። በእንግሊዝኛም ያው እንደሆነ አልጠራጠርም፤ ጠዋት ጠዋት ካሴቱን ስትሞክሪ ሰምተሽዋል። ከረጢቱ ውስጥ ያለው ዱቄት አይደለም። «ያ ጥቁር ሌባ ደግሞ መጣ» አለ ግዛው፤ የእኔ ግዛው፣ በዚያ በሚያምር ድምፁ። ፊልሙ ውስጥ ያሉት ሁሉ ሳቁ። ፍራው ኤግሊ ከልጅነቷ የምታስታውሰውን እየጠበቀች ፈገግ ብላ ነበር፤ ፈገግታዋ እዚያው ደረቀ፣ እጇን አፏ ላይ አደረገች። እኔ፣ አፌን ይዤ! ስንት ዓመት ከወፍጮ ቤት ያመጣሁትን ሰው ነው ሌባ ያሉብኝ።

ፍራው ኤግሊ ወደ ሔቨን ዞራ በፈረንሳይኛ ጠየቀቻት። ሔቨን ረዘም አድርጋ መለሰች። ሴትዮዋ ወለሉን እያየች ለእኔ በጀርመንኛ ቀስ አድርጋ ተረጎመችው። ጄኔቭ አንዲት ጓደኛዋ ልደት ላይ ይኼን ካርቱን ከፍተውት ነበር። ሔቨን ለልጆቹ አስቀድማ፣ አባቴ ትልቅ አውሮፕላን ማረፊያ ነው የሚሠራው፣ ሻንጣ ሁሉ የሚሸከመው እሱ ነው ብላ ተኩራርታባቸዋለች። ጉራ በዘር ይሄዳል። ባለ ከረጢቱ ሲመጣ አንዷ በጣቷ ጠቆመች። «ይኸው አባትሽ።» ሁሉም ሳቁ።

«ታዲያ ለምን ለእኔ አልነገርሽኝም?» አልኳት በአማርኛ።

«አንተ ድምፁን ዘግተህ ነበራ፣ ባቢ። አሁን ጀርመንኛ ተማርክ። እንዳትሰማው ብዬ ነው።»

ይኸው ነው። ለቢሮውም ጥሩ አይደለም ያለችው፣ ለእኔም አይታይም ያለችው ለዚህ ነው። እኔ በእምነትን፣ እኔ መምህሯን፣ እኔ የምታውቂያትን ሴት ስጠረጥር፣ ልጅቷ ለካ በእኔና በዚያ ድምፅ መካከል ቆማ ጆሮዬን እየከለለችልኝ ነበር።

ቀጥሎ የሆነውን ግን ገና አልነገርኩሽም፤ ይህን ሁሉ ወረቀት የፈጀሁትም ለእሱ ነው።

ሔቨን ሪሞቱን ከእጄ ወሰደች። ድምፁን ዘጋች። ወደ ኋላ መለሰችውና አጎቱ ሙላቱ እንደገና ብቅ ሲል በአማርኛ መተረክ ጀመረች። አማርኛዋን ታውቂዋለሽ፣ እየተንገዳገደ ነው የሚሄደው፤ ያን ቀን ግን አልወደቀም። አጎቴ ሙላቱ ከወፍጮ ቤት መጣ አለች። ከረጢቱ ከባድ ነው፣ እሱ ግን አይደክመውም፣ ዱቄቱ የሁሉም ነው፣ ቀንድ ላለውም ሰውዬ ይሰጠዋል አለች። ፍራው ኤግሊ «ምን እያለች ነው?» አለች። ሔቨን በፈረንሳይኛ መለሰችላት። ሴትዮዋ ሳቀች። ሳቀች እልሻለሁ፤ እኔ ደግሞ በሳቅ ጉዳይ ዓይኔ አይስትም።

ማማው ጋ ደረሱ። ሴቷ ከላይ ሆና ትጮኻለች፤ ሔቨን ግን እየጮኸች አይደለም፣ ደረጃው የት እንደሆነ ለሰዎቹ እያሳየቻቸው ነው አለች። ይህቺ የራሷ ናት፣ እኔ እንዲህ ብዬ አላውቅም፤ ቀናሁ። ግዛው ከገደሉ ጫፍ ዘሎ መዳብ ክንፉን ዘረጋ። ሔቨን አቆመችው። ስዕሉ ደርቆ ቀረ።

«ግዛው አየር ላይ ነው» አለች። «በሩ ላይ ያለችው ልጅ ይረፍ ካላለች አያርፍም።»

የሔቨን እናት፣ በዚያ ካርቱን ውስጥ በር የለም። ማማ አለ፣ ገደል አለ፣ ደመና አለ። በር የለም፤ በር ላይ ያለች ልጅም የለችም።

በር የነበረው የት እንደሆነ አንቺም እኔም እናውቃለን። ያን እሑድ ልክ ግዛው እንደ ዘለለ መብራት ሄደ። አዳራሹ ጨለመ፣ ግማሹ ሰው ያፏጫል፣ ግማሹ ወንበር ይደበድባል። ማይኩም ሞቷል። እኔ በባዶ ጉሮሮዬ «ግዛው አየር ላይ ነው፣ አይወድቅም፤ በሩ ላይ ያለችው ልጅ ይረፍ ካላለች አያርፍም» አልኩ። ሰው ሁሉ ወደ በሩ ዞረ። አንቺ ከበሩ ብርሃን ላይ ቲኬትሽን እንደያዝሽ ቆመሽ ነበር። ዝም አልሽ፣ ዝም አልሽ፣ እኔም እዚያው እንደ ግዛው ተንጠለጠልኩ። ከዚያ «ይረፍ» አልሽ። ጭብጨባው ቆርቆሮውን ሊያነሳው ነበር። እኛ የተጀመርነው ከዚያች ቃል ነው።

ይህን ለሔቨን ነግሬያት አላውቅም። ከተለያየን ወዲህ ለማንም አልተነፈስኩትም፤ እንዲህ ያለውን አፌም አይደፍረውም። ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ የነበረው ሰው የት እንደተበተነ አምላክ ይወቅ። ጄኔቭ ያለው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው።

«ማን እንዲህ አለሽ?» አልኳት ሔቨንን። ትከሻዋን ነቀነቀች። «እንዲህ ነው የሚባለው» አለች፤ እኔ እዚያ እንዳልነበርኩ ሁሉ።

ልጄ አፍ ውስጥ ቃል የሚያስገባ ሰው አለ ብዬ ነበር። አልተሳሳትኩም።

ፍራው ኤግሊ ጫማዋን እያሰረች ቅዳሜው እንዲቀጥል እጽፋለሁ አለችኝ፤ ብቻ ካርቱኑን ያለ ድምፅ እዩት አለች። ለአቶ ኅሩይም መልስ አገኘሁላቸው። «ይታያል፣ ግን ብቻውን አይታመንም፤ አጠገቡ ሰው ይቀመጥ» አልኳቸው። አሰቡና «ይህን ጻፈው፣ ስህተት እንዳትሠራበት ብቻ» አሉኝ። ይኸው ጻፍኩት።

አሁን አንድ ችግር ብቻ ቀርቷል። ሔቨን ሪሞቱን በቦርሳዋ ይዛው ሄዳለች። ትርፍነሽ ስደውልላት በስህተት ነው አለችኝ። እጠራጠራለሁ። ማጫወቻውን በእጅ መንካት ይቻላል፣ ሶኬቱንም መንቀል ይቻላል፤ እኔ ግን አልነካሁትም። ከሥራ ስገባ ክንፉን ዘርግቶ፣ እግሩን ሰብስቦ፣ ያው ደመና ላይ ተንጠልጥሎ ይጠብቀኛል። መዳብ ነው፣ ከባድ ነው። ሪሞቱ ከልጅቷ ደብተሮች መካከል ሳይሆን አይቀርም፤ ፈልጊው። በትርፍነሽ እጅ እንዳትልኪው፤ ትርፍነሽን አላምንም። የኡስተር ባቡር ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው አይበዛበትም። የቤቴ በር ላይም የሚቆም የለም።

እንግዲህ አምላክ ጉልበትሽን ያበርታልሽ፣ ከቶኔ ብርድ ይጋርድሽ፣ የእመቤትሽን ምላስ ያለዝብልሽ። ልጃችንን እንደ እናቷ አዋቂ፣ እንደ አባቷ ተናጋሪ ያድርግልን፤ ከተጠራጣሪው ዓይኔ ግን ይሰውራት። በእምነትንም ሰላም በዪው፤ ስካርፉን ትቼለታለሁ።

ግዛው አየር ላይ ነው።

የሔቨን አባት